የአሮጌ ቮልስዋገን ጎማና ቸርኬ አመራረጥ

በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቮልስዋገኔ ከኋላ ሰው ሲቀመጥባት ጎማዋ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተግ፣ መሪዋም በዝግታ ሲታጠፍ ይከብድ ነበር። የቀድሞው ባለቤት የገጠሙላት 195/65 አር 15 ጎማ (195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው) ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ የሚፈልግ ሲሆን፣ የእርሷ ቸርኬ ግን 4.5 ኢንች ብቻ ነው። የጥንቱ 5.60-15 ጎማ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በቁመት የሚቀርበውን 165/80 አር 15 ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ) ጠበብ ያለ ጎማ መረጥሁ፤ ፍትጊያውም ቀረ፣ መሪውም ቀለለ።

አንዱ ቸርኬ ተጣሞ ስለነበር ምትክ መፈለግ ነበረብኝ። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ የቀደሙት ቮልሶች ቸርኬ ዲያሜትሩ 205 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ 5 ቡሎን ሲይዝ፣ የእኔን መሰል የኋለኞቹ ዲያሜትሩ 130 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ 4 ቡሎን ስለሚይዙ፣ አንዱ ለሌላው ፈጽሞ አይሆንም።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ፤ ሳይነዳ የተቀመጠ ጎማም በዕድሜ ይደርቃልና ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች አንብቡ። ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው።

ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ አራቱንም ጎማ እኩል ማስነፋት ተገቢ አይደለም፤ እኔ የፊቱን 18፣ የኋላውን 27 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) አስነፋለሁ።