የሚያፈስ ጣሪያ ራስዎ ሲጠግኑ፦ ከመሰላሉ እስከ ኮልሞው

ግንቦት ሲጋመስ ሰፈሩ በመዶሻ ድምፅ ይሞላል። ክረምቱ ሳይገባ የላላ ምስማር መምታት፣ የዛገ ቆርቆሮ መቀየርና አሸንዳ መጥረግ ብዙ ቤተሰብ ራሱ የሚወጣው ሥራ ነው። ሙያው ቶሎ ይለመዳል። ሰው የሚጎዳው በከፍታው፣ በመብራቱና በቆርቆሮው ጠርዝ ነው፤ ለሦስቱም መላው የሚበጀው እግር መሬት ላይ እያለ ነው።

ጣሪያ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ማሳጠር ከሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ ቀዳዳውን ከታች ሆነው ይፈልጉ። ፀሐይ ሲበረታ ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው መብራት ሳያበሩ ወደ ላይ ቢያዩ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል። ቀጭን ሽቦ ያሾልኩበት፤ ላይ ሲወጡ ይጠቁምዎታል። ኮርኒስ ውስጥ ሲሄዱ እንጨቱን ብቻ ይርገጡ፤ ችፑዱ ሰው አይሸከምም።

ቀኑ ደረቅና ነፋስ የሌለበት ይሁን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጤዛው ስላልደረቀ ቆርቆሮው ያንሸራትታል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋስና ዝናብ ድንገት ይመጣሉ። ደመና ሲያጉረመርም ከሰሙ ምስማሩ ቢቀርም ይውረዱ።

መብራቱ ሰፊ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤት ሽቦው ከቆርቆሮው ሥር ያልፋል። ሹል ጠርዝ ሽፋኑን እየፋቀ ሲበላው ጣሪያው በሙሉ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል፤ ረጅም ምስማርም ሽቦውን ሊወጋው ይችላል። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ፣ ብሬከሩ ላይም ወረቀት ይለጥፉ። በአንዳንድ የቆየ ቤት ብሬከሩ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦዎቹ ተገላብጠው ከታሰሩ መብራቱ ጠፍቶም ኃይሉ ይቀራል። ስለዚህ ቴስተሩን (ኃይል ሲነካ የሚበራውን መፈተሻ) መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው ደህና መሆኑን ያረጋግጡ፣ ብሬከሩን ካወረዱ በኋላ ደግሞ የሶኬቱን ሁለቱንም ቀዳዳዎች ይንኩበት። አሁንም ከበራ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ።

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ ግን ብሬከር ቢወርድም ኃይል እንደያዘ ነው። ከእሱ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። በአጠገቡ ቆርቆሮ አቁሞ መሸከም ብዙ ሰው የሚሠራው አደገኛ ስህተት ነው፤ አግድመው ይያዙት። ጥገናው ገመዱ ሥር ከሆነ ለመብራት ኃይል አመልክተው መስመሩ እስኪቋረጥ ይጠብቁ።

መሰላሉ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ከሚደገፍበት ቦታ 1 ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ፤ ሲሻገሩ የሚይዙት ነገር ያስፈልግዎታል። ጠርዙ 3 ሜትር ከፍ ካለ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 75 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚህ ከቀረበ ወደ ኋላ ይጥላል፣ ከራቀ እግሩ ይሸሻል። አፈር ላይ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍረው እግሩን ይትከሉ፤ ሊሾ ወለል ላይ አንድ ሰው ከታች ይያዝ። ጫፉን ከጣሪያው እንጨት ጋር በገመድ ይሰሩት። አሸንዳ ላይ አያስደግፉ፣ ይገነጠላል። የባህር ዛፍ መሰላል ከሆነ እርከኑ በምስማር ብቻ መያዙን ይዩ፤ ከጎን በሽቦ ያጠናክሩትና መሃሉን ሳይሆን ዳሩን ይርገጡ። መሣሪያውን በእጅ ይዘው አይውጡ፤ በባልዲና በገመድ ይሳቡት።

ላይ ሲደርሱ የምስማሩን መስመር ብቻ ይከተሉ፤ ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት፣ ሞራሌው፣ ያለው ከሥሩ ነው። በሁለት ሞራሌ መካከል ያለ ስስ ወይም የዛገ ቆርቆሮ እግርን ያሳልፋል። ከሁሉ የሚያሳስበው ለብርሃን ተብሎ የሚገባው የላስቲክ ጣሪያ ነው፤ ፀሐይ አድርቆት መልኩ ደህና እየመሰለ ይሰበራል። በጭራሽ አይርገጡት። አጠገቡ የሚሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሞራሌ የሚሸፍን ጣውላ ያጋድሙና በእሱ ላይ ይንበርከኩ።

ገመድ መታጠቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወገብ ላይ የታሰረ ገመድ ሲወድቁ ሆድና ጀርባን ይጎዳል። ትከሻና ጭን የሚይዝ ቀበቶ ከተገኘ ይመረጣል። ገመዱን በኮልሞው (በጣሪያው አናት ክዳን) ላይ አሳልፈው በማዶ በኩል ከቆመ ምሰሶ ወይም ዛፍ ጋር ያስሩትና ጠርዙ ጋር የማያደርስ ርዝመት ይስጡት።

ቆርቆሮ ሲቆርጡ በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ። ግራይንደር ፈጣን ነው፤ ፍንጣሪው ግን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ እሳት ያስነሳል፣ ቆርቆሮው ላይ የተጣበቀውም ብረት በአንድ ክረምት ይዝጋል። ግዴታ ከሆነ መሬት ላይ ይቁረጡ፣ ከለላውን አያውልቁ፣ መነጽር ያድርጉ። የቆርቆሮ ጠርዝ ጅማት ይቆርጣልና ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። አዲሱን ቆርቆሮ ከላይኛው ሥር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያስገቡ፣ በጎን አንድ ሞገድ ተኩል ይደራርቡ። ጎማ ያለውን ምስማር በሞገዱ ጉብታ ላይ ይምቱ፤ ሰርጎዱ ላይ ከመቱት ውሃ የሚወርድበትን መንገድ እንደ መብሳት ነው፣ ዘንድሮ የደፈኑትን ከርሞ ተመልሰው ይወጡበታል። የተነቀለ ምስማር ወዲያው ጣሳ ውስጥ ይግባ። ልጆች ከጠርዙ ሥር እንዳያልፉ መንገዱን ይዝጉ።

የዛገ ምስማር ከወጋ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈ መደገሙን ይጠይቁ። ሰው ከወደቀ ብድግ አድርጎ ማስቀመጥና ውሃ ማጠጣት የተለመደ ነው፤ አከርካሪ ተጎድቶ ከሆነ ግን ይህ አካለ ጎዶሎ ሊያደርግ ይችላል። እንዳለ ይተዉት፣ አንገቱን አያንቀሳቅሱ፣ ልብስ ደርበውለት ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። መብራት የያዘውን ሰው ደግሞ አይንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ የያዘው ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ ከሆነ ግን ብሬከሩ ስለማያቋርጠው መብራት ኃይል መስመሩን እስኪያቋርጥ አይቅረቡ።