ጅማ ላይ የትራንስፖርት ደንብ ከመውጣቱ በፊት ማንን፣ እንዴት እናማክር?

አዲስ የባጃጅ መስመር ሊወጣ ነው እንበል። ወይም የጭነት መኪና ቀን ቀን ከተማ እንዳይገባ ሊከለከል። የማኅበር ሊቀመንበሮች አዳራሽ ይጠራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ በቃ። ይሄ ማማከር አይደለም።

መጀመሪያ ደንቡ የማንን ውሎ እንደሚነካ ጻፉ። ሹፌር፣ ረዳት፣ ተራ አስከባሪ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ነጋዴ፣ ተሳፋሪ።

ቀጥሎ ባለንብረቱን ከነጂው ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባጃጁ የራሱ ያልሆነ ነጂ ብዙ ነው። ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ የተረፈችው የሱ ናት። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቢያልፍበትም፣ መስመሩ ቢያጥርበትም፣ ገቢውን ማምጣት አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ «ተስማምተናል» ስላለ ነጂው ተስማማ ማለት አይደለም። ለየብቻ አነጋግሯቸው። አሠሪው ፊት ሆዱ ውስጥ ያለውን አያወጣም።

ሦስተኛ፣ ሐሙስ ገበያ ውጡ። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና፣ ከሰርቦ ሰው የሚጎርፈው ያን ቀን ነው። አንዲት እናት ጆንያዋን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለማስጫን ከረዳቱ ጋር ስትከራከር ታገኛላችሁ። ለሷ ትልቁ ጉዳይ የጆንያው ሒሳብ ነው፤ ታሪፉ ላይ ግን የሰው ዋጋ እንጂ የጆንያ የለም። «ስለ ደንቡ ምን አስተያየት አለዎት?» አትበሏት። «ወደ ቤት መመለሻ መኪና የሚጠፋው በስንት ሰዓት ነው?» በሏት። በአፋን ኦሮሞ ብትጠይቋት ደግሞ የበለጠ ታጫውታችኋለች።

የጭነት ሹፌሮችን አዳራሽ አትጠብቋቸው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስብሰባው ሲጠራ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። ቡና የሚጭኑበት መጋዘን በር ላይ አግኟቸው። ደላላው ከኪራዩ ስንት እንደሚወስድ፣ ወረፋ ሲጠብቁ የት እንደሚያድሩ ጠይቁ። ነጋዴውንም እዚያው። ግን ቡናው ሳይደርስ፣ ክረምት ላይ ይሁን። ከጥቅምት በኋላ ጊዜ ያለው ሰው አታገኙም።

ሆስፒታል በር ላይ አስታማሚዎችን አትርሱ። ጅማ ለደቡብ ምዕራቡ ሁሉ መታከሚያ ናት። በዊልቸር ከሚሄድ ሰው ጋርም ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ አብራችሁ ሂዱ። ትራፊክ ፖሊስና የመንገድ መሐንዲስ በደብዳቤም ይመጣሉ።

በመጨረሻ መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ። የተባለውን፣ የተቀበላችሁትንና ያልተቀበላችሁትን ከነምክንያቱ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችለው ተራ አስከባሪው በድምፅ ማጉያ ያንብብለት። ከዚያ ደንቡን አንድ ወር ሞክሩትና፣ በአራተኛው ሐሙስ ያችን እናት ጆንያዋን በስንት እንዳስጫነች ጠይቋት።