ኤምጂቢ ስታስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ከተማ የተሠራች የስፖርት መኪና ነች። ከ500 ሺህ በላይ ስለተመረተች ዛሬም መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር ሰው ዕቃ ያዝዛል፤ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያዋህደውን ዕቃ) ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ ኮይል ይቀይራል፣ መኪናዋ ግን ያው ነች። እኔ የምለው፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ምልክቱን አድምጥ። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1798 ሲሲ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለበት ነው፤ ችግሩን ራሱ ይናገራል። ይህን ሥራ ደግሞ ከጓደኛ ጋር መሥራትን የመሰለ የለም። አንዱ ቁልፍ ሲያዞር ሌላው ያዳምጣል፣ አንዱ ፔዳል ሲረግጥ ሌላው ጎማውን ያዞራል። እኔና ጓደኛዬ እዚህ እንግሊዝ የምንሠራባት የ1969 ሥሪት ነች፤ ከታች የምጽፈው ሁሉ የሚመለከተው ግን አብዛኞቹን ባለ ሁለት ካርቡራተር ኤምጂቢዎች ነው።

ቁልፍ ስታዞር "ጠቅ" ብላ ዝም

ባትሪው ሞቷል ብለህ አትቸኩል። እስከ 1974 አካባቢ የተሠሩት ላይ ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከወለሉ በታች ተቀምጠዋል። ቦታው እርጥብ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ማሳው (ባትሪውን ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘው) እዚያ ይዝጋል። ሌላው ማሳ ሞተሩንና ማርሽ ሳጥኑን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ነው። እሱ ከተበጠሰ ወይም ሞተር የፈታ ሰው ሳይመልሰው ከቀረ፣ ኮረንቲው በጋዝ ወይም በቾክ ኬብል በኩል ይሄዳል። ቁልፍ ሲዞር ኬብሉ ቢሞቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

መልቲሜትር ካለህ አንዱን ጫፍ ማሳ በሆነው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርግና ጓደኛህ ቁልፉን ያዙር። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ማሳው ደካማ ነው። ፍታው፣ ብረቱ እስኪያበራ አሸው፣ አጥብቀህ እሰረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። እስከ 1967 የተሠሩት ፋብሪካው ሲያወጣቸው ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር። ብዙዎቹ በኋላ ተቀይረዋል፣ ብዙዎቹ ደግሞ አልተቀየሩም። ሳታይ ከሌላ መኪና ባትሪ ብታገናኝ ወይም ዘመናዊ ሬዲዮ ብትገጥም ዕቃው ይቃጠላል።

ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም

እዚህ ጆሮ ይሠራል። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ከኋላ በኩል የቤንዚን ፓምፑ ቶሎ ቶሎ "ጠቅ ጠቅ" ይልና ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ይቆማል። ጤነኛ ከሆነ እንዲህ ነው። ምንም ካላለ ጓደኛህ ፓምፑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ ይምታው። ከተነሳ ውስጡ ያለው ኮንታክት ቆሽሿል ማለት ነው፤ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። አሁንም ዝም ካለ የፓምፑን ማሳና ኮረንቲ የሚያመጣለትን ነጩን ሽቦ ተመልከት። "ጠቅ ጠቅ" ማለቱን የማያቆም ከሆነ ደግሞ ወይ ቤንዚን የለም፣ ወይ ቱቦው አየር ይስባል፣ ወይ የካርቡራተሩ መዝጊያ መርፌ አልዘጋም።

ፓምፑ ደህና ከሆነ ወደ ብልጭታው ሂድ። የዲስትሪቡተሩን (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ክዳን ክፈትና ኮንታክቱን (እየተከፈተ የሚዘጋውን የኮረንቲ መገናኛ) እይ፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የካንዴላው 0.63 አካባቢ ነው። ኮንደንሰር ስትቀይር የሚሠራውን አሮጌ አትጣል፤ አዲስ ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ተገዝቶ በሳምንቱ የሚሞት አለ።

ይነሳል፣ ግን ይንተፋተፋል፣ ጉልበት የለውም

ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ካርቡራተሩን ይፈታል። እባክህ መጨረሻ ላይ አድርገው። ካርቡራተር ላይ የሚሳበበው ችግር በአብዛኛው የብልጭታ ወይም የቫልቭ ችግር ነው፣ እነዚያ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር ማስተካከል ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ቅደም ተከተሉ ቫልቭ፣ ኮንታክት፣ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት)፣ ከዚያ ካርቡራተር ነው።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው፤ የትኛውን መቼ እንደምትለካ ለማወቅ ቁጥር 9ን ያዝ። 8ኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን ትለካለህ፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፣ ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው። አንዱ ሞተሩን በእጅ ሲያዞር ሌላው ይለካል፤ ለሁለት ሰው ቀላል ሥራ ነው።

አሁን ካርቡራተሮቹ። ሁለት ኤስዩ የሚባሉ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፍታና ዘይት መኖሩን እይ። ክዳኑን ስትመልስ ከመቆለፉ በፊት ዘይቱ ሲገፋህ ሊሰማህ ይገባል። ጋዝ ስትሰጥ ሞተሩ "እህ" ብሎ የሚያመነታ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይሄ ዘይት ነው፤ 20ደብሊው50 የሞተር ዘይት ይበቃዋል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አውጣና የካርቡራተሩን ፒስተን በጣትህ አንስተህ ልቀቀው። ጥርት ያለ ድምፅ አሰምቶ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ አጽዳው፣ ግን የአንዱን ካርቡራተር ፒስተን ከሌላው ጋር አታቀያይር፤ እያንዳንዱ ከሚንቀሳቀስበት ከራሱ ጉልላት ጋር የተዛመደ ነው።

አየር የሚገባበት ካለ ደግሞ ምንም ብታስተካክል ልፋትህ ከንቱ ነው። የጋዝ ቢራቢሮው ዘንግ ሲያረጅ በጎኑ አየር ይስባል፣ ሚኒሞውም (ጋዝ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ዘንጉን በጣትህ ነቅነቅ አድርገው። የሚጫወት ከሆነ ዘንጉና ቡሹ ይቀየራሉ።

ከዚያ ሞተሩን አሙቀውና ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርግ። የሁለቱ ፉጨት እኩል እስኪሆን የጋዝ ብሎኖቹን አስተካክል። ለድብልቁ ደግሞ ከካርቡራተሩ ጎን በታች ያለችውን ትንሽ ፒን ወደ ላይ ገፋ አድርጋት፤ ፒስተኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል፣ ሊጠፋ ካለ ቤንዚን አንሷል፣ ለአፍታ ትንሽ ፈጥኖ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ከሥር ያለችውን ባለ ስድስት ጎን ብሎን ወደ ላይ ስታጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲሆን ይጨምራል። አንድ ጎን አዙር፣ አዳምጥ፣ ከዚያ ቀጥል።

ቁልፍ ዘግተህ ሞተሩ ከቀጠለ? መጀመሪያ ሚኒሞውን ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ ሙቀቱን እይ።

በጣም ይሞቃል

ራዲያተሩ ውስጥ የተጠራቀመ ዝገት፣ የማይከፈት ቴርሞስታት (የተለመደው 82 ዲግሪ ነው) ወይም ወደ ኋላ የቀረ ታይሚንግ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አትክፈት።

ፍሬን ይዞ ይቀራል

መኪናዋን በክሪክ አንሳና መቆሚያ አስገባባት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጓደኛህ ፍሬን ረግጦ ይልቀቅ፣ አንተ ጎማውን አዙር። ካልዞረ ፍሬኑ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርግ። ወዲያው ነፃ ከወጣ ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ታፍኖ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውስጡ ያበጠ የላስቲክ ቱቦ ነው፣ ከውጭ ደህና ይመስላል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ቱቦ አላት፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይር። ብሎኗ ላልታም ጎማው ካልዞረ የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል።

በሩ ድሮ ይዘጋ ነበር፣ አሁን አይገጥምም

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ኤምጂቢ የተለየ ሻንሲ የላትም። ጣሪያ በሌላት መኪና ደግሞ ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በአብዛኛው ከበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን ነው። እሱ ከውስጥ ሲበላ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች። መኪናዋን በክሪክ ስታነሳት የበሩ ክፍተት ከተለወጠ፣ ምንም ያህል ቀለሟ ቢያምር ሳጥኑ አልቋል። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ልትገዛ ስትሄድም ከውጭ አዲስ ላሜራ ከውስጥ የበሰበሰው የተሸፈነበት ሥራ በጣም ብዙ ስለሆነ ምንጣፉን አንስተህ ከውስጥ ተመልከት።

ለመጠገን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ በብየዳ እሰረው፣ አንዱን ጎን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ። በየደረጃው በሩን እየሰቀልክ ለካ። አንዴ ተጣሞ ከተበየደ በር የሚገጥም መኪና አታገኝም። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በብየዳ አትድፈን፣ ሲያልቅ ውስጡን በሰም እርጨው።

ስትነሳ ወይም ፍሬን ስትይዝ ከጎማው "ክሎንክ"

የሽቦ ቸርኬ ካላት ጥርሶቹ አልቀዋል። ቸርኬውንና ማዕከሉን (ቸርኬው የሚሰካበትን ጥርስ ያለው ቁራጭ) አብረህ ቀይር፣ አዲሱን ግሪስ ቀባው። ማዕከሎቹን ግን ከግራ ወደ ቀኝ አታቀያይር። ቸርኬውን የሚይዘው የግራው ማጥበቂያ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይፈታል፣ የቀኙ ደግሞ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ። ከተገለበጠ ጎማው እየነዳህ ራሱ ይፈታል።

ቤንዚን ይሸታል

ብሪታንያ ውስጥ ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን ኢ10 ሆኗል፤ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፣ የድሮ ላስቲክ ይበላል። ቱቦዎቹን ሁሉ፣ ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ፣ አር9 (ኤታኖል የሚችል ዓይነት) በተጻፈበት ቀይርና ሱፐሩን ኢ5 ቅዳ። ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ቀጭን መፍሰሻ ቱቦ የምታንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ መዝጊያ መርፌው አልዘጋም፤ ሞተሩን አጥፋ፣ ከሥሯ ትኩስ የጭስ ማውጫ አለ። መርፌውንና መቀመጫውን ሳትቀይር አትንዳ።