ከጎንደር ሳይርቁ የዘላቂ ልማትን ሥነ ምግባር፣ ሕግና ዓለም አቀፍ አስተዳደር እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ብዙ ሰው ይህን ትምህርት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁትን 17 የዘላቂ ልማት ግቦች በቃሉ በመያዝ ነው። ብዙም ሳይቆይ ይሰለቸዋል፤ አይፈረድበትም። ትምህርቱ ከሥር እስከ ጫፍ ክርክር ነው፣ የግቦች ዝርዝር ደግሞ ማንንም አያከራክርም። ጎንደር ያለ ሰው በቅርብ የሚያውቀውን አንድ ጉዳይ ይዞ ቢነሳ ይሻለዋል። እኔ የምመርጠው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽ እየገፋ በመምጣቱና በመንገድ ሥራ ምክንያት በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመካከሉ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ሥነ ምግባር ነው፤ ሕጉን ገና አይክፈቱ። ጉዳዩ የሚነካቸውን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ የአባቱን መሬት የለቀቀው የግጭ ገበሬ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ዋልያ፣ በቱሪስት የሚተዳደረው የደባርቅ አስጎብኚና ባለ በቅሎ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ። ለእያንዳንዳቸው ጠበቃ ይሁኑና ጠንካራውን መከራከሪያ ይጻፉ። ለዋልያው መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ አይዝለሉት። ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው የብሩንትላንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሪፖርቱ ዘላቂ ልማትን የተረጎመበትን ክፍል ያንብቡ፦ የመጪውን ትውልድ አቅም ሳይጎዳ የዛሬውን ፍላጎት የሚያሟላ ልማት። የዛሬው ድሃና የነገው ልጅ ቢጋጩስ? ሪፖርቱ ለድሆች መሠረታዊ ፍላጎት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ትርጉሙን የሚደጋግሙት ሰዎች ግን ይህን ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

አሁን ወደ ሕጉ ይግቡ። ሕገ መንግሥቱን ከፊት ወደ ኋላ ማንበብ አያስፈልግም፤ ለጊዜው ሦስት አንቀጾች ይበቃሉ። አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰውም ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኝ ያዛል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲ ወይም ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይጠይቃል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይናገራል። እነዚህን ከግጭ ገበሬ መከራከሪያ ጎን ያስቀምጧቸው።

ከአዋጆች ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ብክለት ቁጥጥርን ይመለከታል። በአዋጅ 300 ውስጥ አንቀጽ 11ን ይፈልጉ፦ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የሕግ ተማሪ የሚያውቁ ከሆነ አዋጆቹ ተሻሽለው ወይም ተተክተው እንደሆነ ይጠይቁት። ጀማሪን የሚያደናግር ነገርም አለ፦ በእንግሊዝኛው 299/2002 ተብሎ የሚገኘው ይኸው አዋጅ ነው፣ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ ይጀምሩ።

አራተኛው እርምጃ «ማን ወሰነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የ21 አገሮች ጉባኤ ነው፤ ፖሊስም እስር ቤትም የለውም፣ ያለው ኃይል መዝገብ ላይ ማስፈርና መሰረዝ ነው። ያም ሆኖ ውሳኔው ስሜን ድረስ ደርሷል። ከኮሚቴው እስከ ፌዴራል መንግሥት፣ ክልል፣ ወረዳና ቀበሌ ያለውን ሰንሰለት በወረቀት ላይ ይሳሉ፤ በየደረጃው ማን ድምፅ እንደነበረው፣ ማን እንዳልነበረው ምልክት ያድርጉ። በእኔ ግምት ከትምህርቱ ሁሉ ዋነኛው ክፍል ይህ ሥዕል ነው።

በመጨረሻ ዘዴውን በጣና ይሞክሩት። እምቦጭ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚገባ ንጥረ ነገር ይፋፋል፤ ስለዚህ «በካይ ይክፈል» የሚለው መርህ፣ ማለትም የብክለቱን ወጪ ያደረሰው ይሸከም የሚለው ሐሳብ፣ አንድ ፋብሪካ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ ማሳዎች ፊት ያቆምዎታል። ከጣና የሚወጣውን ዓባይን ተከትለው ከሄዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከጸደቀው፣ አገሮች የሚጋሯቸውን ወንዞች ከሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት የውኃ መስመሮች ስምምነት ጋር አስተያይተው ያንብቡት፤ የውኃው ምንጭ የሆነችው ኢትዮጵያ የ1997ቱ ስምምነት ሲጸድቅ በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ለምን ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገች በራስዎ ቃል ለመጻፍ ይሞክሩ።