የዘር ኮርማ ስንት ያወጣል? ዋጋ ስንቆርጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኮርማ ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገበያው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። ላም በዓመት ቢበዛ አንድ ጥጃ ትሰጣለች። ኮርማ ግን በዓመት የሃያና የሠላሳ ጥጃ አባት ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱ ጥጃ ግማሽ ዘር ደግሞ የእሱ ነው። ስለዚህ የምትከፍሉት ለእንስሳው ብቻ አይደለም፤ ለሚወልዳቸው ጥጆችም ነው። ይሄን የምጽፈው በተለይ በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰላሌና በደብረ ብርሃን አካባቢ ዲቃላ የወተት ላም ለሚያረቡ ነው። ቦረና ላይ መንጋ ለሚነዳ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

በሥጋው መገመት

ገበያ ላይ ኮርማ የሚገመተው በዓይን ነው። ሰፊ ደረት፣ የሞላ ጀርባ፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ። ይሄ ግን የሰንጋ መለኪያ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ የደለበ ኮርማ ላም ላይ ለመውጣት ይሰንፋል። ቆለጡ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብም ሙቀት ይይዝና የዘሩን ጥራት ይቀንሳል። ሻጩ ጠዋት ጨው አልሶ ውሃ አጠጥቶት ከሆነ ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ ያላችሁት ኪሎ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ወቅቱም አለ። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ ኮርማውም ከሰንጋ እኩል ይጠየቅበታል። እናንተ የምትገዙት ለማረድ አይደለም፤ የበዓል ገበያ ምን ያደርግላችኋል? ሁዳዴ መሀል፣ ሥጋ ፈላጊ ሲጠፋ ብትሄዱ ይሻላል።

የሥጋ ዋጋውን ጨርሳችሁ እርሱት ማለቴ ግን አይደለም። ኮርማው ሥራውን ሲጨርስ የሚሸጠው ለሥጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሥጋ ቢሸጥ የሚያወጣውን እንደ መነሻ ያዙት። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ብር የዘር ዋጋ ነው። መከራከር ያለባችሁም በእሱ ላይ ነው።

ላሞቻችሁን ሳትቆጥሩ ዋጋ መቁረጥ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት።

ኮርማውን በ150,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ሦስት ዓመት አገልግሎ በ120,000 ብር ተሸጠ። 30,000 ብር ጎደለ። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል። መኖውስ? ከብት በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። 500 ኪሎ የሚመዝን ኮርማ በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይፈልጋል፤ በዓመት ወደ 40 ኩንታል ማለት ነው። ድርቆሹን፣ ጭዱን፣ ፉርሽካውን አንድ ላይ በቀን 120 ብር ብለን ብንይዝ በሦስት ዓመት 131,400 ብር ይመጣል። ኮርማውን እንደገና የመግዛት ያህል ነው! ከጎደለው ጋር ሲደመር 161,400 ብር። ሐኪምና ጠባቂ አልቆጠርንም።

አሁን በጥጃ አካፍሉት። አምስት ላም ያለው ሰው በዓመት አራት ጥጃ ቢያገኝ በሦስት ዓመት 12 ጥጃ አለው። እያንዳንዱ ጥጃ ገና ሳይወለድ 13,450 ብር ወጥቶበታል። 25 ላም ያለው ሰው በዓመት 20 ጥጃ ቢያገኝ በሦስት ዓመት 60 ይሆንለታል። ለእሱ አንዱ ጥጃ 2,690 ብር ነው። ኮርማው ያው፣ ዋጋውም ያው። አንደኛው ተጎዳ፣ ሌላኛው አተረፈ።

«ለተሻለው ኮርማ ስንት ልጨምር?» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ስሌት ውስጥ አለ። ሻጩ ለተሻለው 30,000 ብር ጨምሩ አለ እንበል። ለባለ 25 ላሙ ጭማሪው በአንድ ጥጃ 500 ብር ነው። ግማሾቹ ወንድ ስለሚሆኑ በጊደር ከቆጠርነው 1,000 ብር። ጊደሯ አድጋ በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ ብትጨምር በ300 ቀን አለባ 150 ሊትር ነው። ያዋጣዋል፣ ይክፈል። ለባለ አምስት ላሙ ግን ያው ጭማሪ በአንዲት ጊደር 5,000 ብር ይደርሳል። እሱ ቆም ብሎ ያስብ።

እንዲያውም አምስት ላም ይዞ ለብቻ ኮርማ ማሰር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ይቀላል፤ ቃሊቲ ካለው የመንግሥት ተቋም የሚወጣው አባለዘር (የኮርማ የዘር ፈሳሽ) ከተመረጡ ኮርማዎች የሚሰበሰብ ነው። «ቴክኒሻኑ እሑድና በዓል አይገኝም፣ አባለዘሩን በቅዝቃዜ የሚያቆየው ናይትሮጅን አልቋል ይሉናል፣ ላሟ ሰዓቷ ያልፍባታል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰው ኮርማ ወደ መግዛት የሚሄደው በዚሁ ተማሮ ነው። ያኔ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ መግዛት ወይም ለሌሎች እያስጠቁ ማስከፈል አለ። የጋራ ኮርማ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ በሽታ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

የኮርማውንም አቅም አትርሱ። ከላሞች ጋር ተለቆ የሚውል የበሰለ ኮርማ ከ25 እስከ 30 ላም ይችላል። የሁለት ዓመት ጎረምሳ ከሆነ 15 ገደማ ይበቃዋል። 30 ላም ይዛችሁ ጎረምሳ ከገዛችሁ ግማሾቹ ላሞች ባዶ ሊከርሙባችሁ ይችላሉ።

«እናቱ 25 ሊትር ታላቢ ናት» ሲባል ማመን

በደላላ አፍ ወተት ያነሳት እናት የለችም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ጥያቄው «መቼ?» ነው። ላም ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ወተቷ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። ያቺ 25 ሊትር የአንድ ጥሩ ሳምንት ወሬ ልትሆን ትችላለች። መጠየቅ ያለበት በሙሉ አለባው ስንት እንደሰጠች፣ ስንተኛ ጊዜ መውለዷ እንደሆነ፣ ከወለደች በኋላ ለመፀነስ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደባት ነው።

ምን እየበላች እንደሆነም ጠይቁ። በአንድ በረት ባሉ ላሞች መሀል ከሚታየው የወተት ልዩነት በዘር የሚወረሰው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው። የቀረው መኖ፣ ጤናና አያያዝ ነው። ፋጉሎ እንደ ልቧ የምትበላ ላም ያመጣችውን ወተት የኮርማው ዘር አድርጎ መግዛት ለመኖው ሁለቴ መክፈል ነው፤ አንዴ ለሻጩ፣ አንዴ ቤታችሁ።

ማስረጃ የሚገኘው ሻጩ በረት ሄዶ በማየት ነው። እናቲቱ ስትታለብ እዩ። ጡቷን፣ እግሯን ተመልከቱ። ወተት ለማኅበር የሚያስረክቡ ከሆነ የርክክብ ደብተራቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ ደብተር እንደ ደላላ አያጋንንም። የኮርማው እህቶች ካሉ የእነሱ ወተት ከእናቱ ወተት ጋር ተደምሮ የተሻለ ይናገራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የራሱ ሴት ልጆች ወተት ነው። እዚህ ላይ ገበያው የሚሳሳት ይመስለኛል። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው፣ ልጆቹ እየታለቡ ያሉ ኮርማ «አርጅቷል» ተብሎ ይናቃል። የሁለት ዓመቱ ቆንጆ ጎረምሳ፣ ምን እንደሚወልድ ማንም የማያውቀው፣ በውድ ይሸጣል። እኔ ልጆቹን ካየሁና ጤናው ከተረጋገጠ ለአሮጌው ብከፍል እመርጣለሁ።

ደም በበዛ ቁጥር ዋጋ መጨመር

«75 ፐርሰንት ደም አለው» ሲባል ብዙ ሰው ኪሱን ይከፍታል። የፈረንጅ ደም የሚጠቅመው መኖው ሲኖር ነው። ጭድና የግጦሽ ሣር ብቻ ባለበት ቤት ደሙ የበዛ ጊደር ትከሳለች፣ ለመፀነስ ትዘገያለች፣ በሽታም አይምራትም።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። የሀበሻ ላም ሆልስታይን በሚባለው የፈረንጅ የወተት ዘር ንጹሕ ኮርማ ብትጠቃ ልጇ 50 ናት፤ ማለትም 50 በመቶ የፈረንጅ ደም አላት። የሀበሻ ላም በ50 ኮርማ ብትጠቃ 25 ትሆናለች። 50 ላም በ75 ኮርማ 62.5 ትሰጣለች። ሁለት ሃምሳዎች ሲገናኙ ልጁ በአማካይ 50 ይሁን እንጂ አንዷ ወደ ፈረንጁ ስታደላ ሌላዋ ወደ ሀበሻው ታደላለች። የመጀመሪያው ዲቃላ ከነበረው ብርታትም ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ለ50 ኮርማ የንጹሑን ያህል አትክፈሉ።

ቀለምም ያታልላል። ጥቁርና ነጭ መሆን የደም መጠን አይናገርም፤ የሆልስታይንና የቦረና ዲቃላ ብዙ ጊዜ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ትንንሽ የሀበሻ ጊደሮች ካሏችሁ ደግሞ ግዙፍ ሆልስታይን አትግዙላቸው። ጥጃው ይተልቅና ምጡ ይጠናል፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ።

በምርመራው ላይ መቆጠብ

ለኮርማው ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚከፍል ሰው ለሐኪም ሲሆን እጁ ያጥራል። ምርመራው ከኮርማው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የደም ምርመራ ለብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ለውርጃ በሽታ፤ የቆዳ ምርመራ ደግሞ ለቲቢ። ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ፣ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ልጆች ቤት ካሉ ጉዳዩ የብር ብቻ አይደለም። ብዙ በረት የዞረ ኮርማ በማጥቃት የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። እሱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ላሞቹ ግን ያስወርዳሉ ወይም ደጋግመው ኮርማ ይፈልጋሉ። የጋራ ኮርማ ጣጣው ይሄ ነው። አንዱ ባለድርሻ ያልተመረመረች ላም ካስገባ ሁሉም ይከፍላል።

ሐኪሙ ቆለጡን በሜትር ይለካላችሁ። ሁለት ዓመት ላለፈው የፈረንጅ ዘር 34 ሴንቲሜትር ገደማ ዙሪያ ይጠበቃል፤ ቦረናና ሌላው የሀበሻ ዘር ያንሳል፣ ዘግይቶም ይደርሳል። ሁለቱ ቆለጦች እኩል ይሁኑ፣ እብጠት አይኑር። አረማመዱንም እዩ፤ የኋላ እግሩን የሚያነክስ ኮርማ ላም ላይ መቆም አይችልም። ዕድሜውን ከሻጩ አትጠይቁ፣ ጥርሱን እዩ። ሁለት ቋሚ ጥርስ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው፤ ስምንቱም ከሞሉ አራት ዓመት አልፎታል።

በቅርቡ ታሞ እንደነበርም አጣሩ። የኮርማ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። አፍተግር ወይም ጉርብርብ (ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው በሽታ) ይዞት ትኩሳት ከነበረው ዛሬ ድኖ ቢታይም ለሳምንታት ላያስረግዝ ይችላል።

ለስንት ዓመት እንደሚቆይ አለማሰብ

ኮርማው ዛሬ ያጠቃት ላም በዘጠኝ ወር ትወልዳለች። ልጁ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላት ኮርማ ትፈልጋለች፤ አባቷ እዚያው በረት ቆሟል። ስሌቱን በሦስት ዓመት የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት አስባችሁ ከፍ ያለ ዋጋ ከከፈላችሁ ግማሹን ጊዜ ከገዛ ልጆቹ እየሸሻችሁ ታሳልፋላችሁ። ሌላ ቀበሌ ካለ አርቢ ጋር መቀያየር ከቻላችሁ ግን ረዘም አድርጎ ማስላት ይቻላል።

ጠባዩም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሰው የሚወጋ ኮርማ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ሙሉ ብሩን በአንድ ጊዜ መቁጠር

ገበያ ላይ ከተገዛ ወዲያው አልቋል፤ ሻጩን ነገ አታገኙትም። ከአርቢ በረት ስትገዙ ግን የተወሰነውን ብር አስቀርታችሁ በሽማግሌ ፊት መዋዋል ትችላላችሁ። ኮርማውን አምጥታችሁ ሦስት አራት ሳምንት ለብቻው እሰሩት። ከዚያ ጤነኛ፣ ከዚህ በፊት የወለዱ ላሞች ላይ ሞክሩት። በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ የፈለጉትን ቁጠሩ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሲሆን ሐኪሙ እርግዝናቸውን በእጁ መርምሮ ይነግራችኋል፤ ቀሪው ብርም ያኔ ይከፈላል። ሻጩ በዚህ አልስማማም ካለ ቢያንስ የዘሩን ዋጋ ቀንሱበትና ወደ ሥጋው ዋጋ ጠጋ ብላችሁ ተደራደሩ።