የፈረንጅ ቃሪያ ከድንጋይ አጥሩ ሥር

ጎመንና ቆስጣ ብትሉ ኮተቤ ያለው ግቢያችን አያሳፍርም። የፈረንጅ ቃሪያ ግን ሁለት ዓመት አሞኘኝ። ቅጠሉ ያምራል፣ ያብባል፣ ከዚያ ጠዋት ስነሳ አበባው መሬት ላይ ረግፏል። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልገዛለት ነበር። ለካ ብርዱ ነው! ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ቃሪያ አበባውን ይጥላል። የአዲስ አበባ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ደግሞ ከ10 በታችም ይወርዳል። እኔ ሆዬ ክረምቱ ይውጣ ብዬ የምተክለው መስከረም ላይ ነበር።

አሁን ታኅሣሥ ሲገባ ቤት ውስጥ እዘራለሁ። ዘሩ ለመብቀል ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ይወዳል፤ ስለዚህ ዕቃውን ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ብቅ ሲል ወዲያው ወደ መስኮት። ከገበያ ከገዛችሁት አረንጓዴ ቃሪያ ዘር አታውጡ፣ ገና አልበሰለም። የቀዩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ድቅል ስለሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም።

የካቲት አጋማሽ ላይ ችግኙን ወደ ውጭ አወጣለሁ። ዋናው ነገር ቦታው ነው። ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ አጥር አለን፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ እጄን ሳሳርፍበት ገና ለብ ያለ ነው። ባልዲዎቹን የምደረድረው እሱ ሥር ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ ቂጡ በጋለ ሚስማር ስድስት ቦታ የተበሳ፣ በአንዱ አንድ ችግኝ ብቻ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ይበቃዋል። ዩሪያ የጨመርኩበት ዓመት ቅጠሉ ወገቤ ደረሰ፤ ፍሬው ግን ሁለት ብቻ ነበር።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ቃሪያ ደግሞ ሲደርቅ ከርሞ በአንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ለፍሬው በወጉ አይደርሰውም፤ ፍሬው ከታች በኩል ይጠቁራል። ተባይ አይደለም፣ አትርጩበት። አንድ ጀሪካን ለሱ ብቻ አስቀምጣለሁ፤ ጣቴን አስገብቼ አፈሩ ደረቅ ከሆነ አጠጣለሁ፣ ላዩን ደረቅ ሣር እጎዘጉዝበታለሁ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከወጣበት የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ ማጠብ ነው።

ፍሬው ጡጫ ሲያክል በመቀስ ቁረጡት፤ ከጎተታችሁት ቅርንጫፉ አብሮ ይመጣል። ቀይ የፈለገ ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል ይታገሥ፤ ቀዩ ያው አረንጓዴው ሲበስል ነው። ባለቤቴ ይህን አትሰማም። ግንቦት ላይ «ለጥብሱ» እያለች አረንጓዴውን ትጨርሰዋለች። ዘንድሮ ሁለቱ ባልዲዎች ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ።