ፍሬው ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ፦ በብርቱካን ኢሴንሻል ኦይል ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብርቱካን ስትልጡ ጣታችሁ ላይ ብን የሚለውን ነገር ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ልጣጩን እጥፍ አድርጋችሁ ሻማ አጠገብ ጨመቅ ብታደርጉት እሳቱ ላይ ትር ትር እያለ ብልጭ ይላል። ዘይቱ ማለት እሱ ነው። የሚቀመጠው በልጣጩ ባለቀለም ክፍል ውስጥ፣ በዓይን በሚታዩ ትንንሽ ከረጢቶች ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ከዘይቱ የለበትም ማለት ይቻላል።

ይህን ያነሳሁት አብዛኛው ስህተት እዚህ ላይ ስለሚጀምር ነው። ሰው ጠርሙሱን ሲያይ ፍሬው ትዝ ይለዋል። «ብርቱካን አይደል እንዴ፣ ምን ያደርጋል?» ይላል። ፍሬው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ዘይቱ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን የሚባል አንድ ነገር ነው። ሊሞኒን ሙጫ ያስለቅቃል፣ እሳት ይይዛል፣ ሲያረጅም ቆዳ ያስቆጣል። ሽታው ደስ ስለሚል ብቻ ይህን እንረሳለን።

«አስፈላጊ ዘይት» ብሎ መጥራት

አንዳንድ ቦታ እንዲህ ተተርጉሞ አያለሁ። ለማን ነው የሚያስፈልገው? ስሙ የመጣው «ኢሴንስ» ከሚለው ቃል ነው፤ የተክሉ መዓዛ፣ የተክሉ ጭማቂ ነገር ለማለት። ያለሱ አይኖርም ማለት አይደለም። «የመዓዛ ዘይት» ብንለው ያምር ነበር፣ ግን ሰው ሁሉ ኢሴንሻል ኦይል ስለሚለው እኔም አልከራከርም።

«ዘይት» የሚለውም ቃል ያሳስታል። የምግብ ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ቅባቱ እዚያው ይቀራል። የብርቱካን ኢሴንሻል ኦይል ግን ይተናል። አንድ ጠብታ አድርጋችሁ አሳድሩት። ሲነጋ ስስ ቢጫ አሻራ ብቻ ከቀረ ጥሩ ነው። ወረቀቱ በብርሃን ሲታይ የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ከቀረ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ሌላ ዘይት ተቀላቅሏል።

ጣፋጩንና መራራውን አንድ ማድረግ

ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩም ደስ ይላል፣ ስህተቱም ቆዳ ያቃጥላል።

ጣፋጩ ብርቱካን ዱር ውስጥ እንዲሁ የተገኘ ፍሬ አይደለም። ፖሜሎ የሚባለው ትልቅ ፍሬና መንደሪን ተዳቅለው የተወለደ ነው። መነሻው ደቡብ ቻይናና አጎራባቾቿ ናቸው። በሳይንሳዊ ስሙ ሲትረስ ሳይነንሲስ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ «ሳይነንሲስ» የቻይና ማለት ነው። ወደ ሜዲትራኒያን አካባቢ ቀድሞ የደረሰው ግን መራራው ወንድሙ ነበር። እሱን ዐረቦች በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አስገቡት። ጣፋጩ የተስፋፋው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው፤ የፖርቹጋል ነጋዴዎችም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። የራሳችን ቃል አለ። ዐረቦች «ቡርቱቃል»፣ ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ግሪኮች «ፖርቶካሊ» ይላሉ። ሁሉም ፖርቱጋል ማለታቸው ነው። እኛ «ብርቱካን» ባልን ቁጥር ሳናውቀው የአገር ስም እየጠራን ነው።

ወደ ስህተቱ ልመለስ። ከመራራው ብርቱካን ብቻ ሦስት ዓይነት ዘይት ይወጣል። ከአበባው ኔሮሊ፣ ከቅጠሉና ከለጋ ቅርንጫፉ ፔቲግሬን፣ ከልጣጩ ደግሞ የመራራ ብርቱካን ዘይት። ሦስቱም «ብርቱካን» እየተባሉ ከጣፋጩ ጋር ይምታታሉ። የመራራው ልጣጭ ዘይት፣ እንዲሁም ከሌሎች የብርቱካን ዘመዶች ልጣጭ ተጨምቀው የሚወጡት የቤርጋሞትና የላይም ዘይቶች ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉባቸው። እነዚህን ቆዳ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ መውጣት ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ሊተው ይችላል። ለቤርጋሞት ቆዳ ላይ የሚመከረው ጣሪያ 0.4 በመቶ ነው። በ30 ሚሊ ሊትር የማቅጠኛ ዘይት ውስጥ ሁለት ጠብታ ማለት ነው፣ አለቀ።

ጣፋጩ ብርቱካን ከዚህ ችግር ነፃ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ መለያውን አንብቡ። «ሳይነንሲስ» ወይም «ዱልሲስ» የሚል ካለበት ጣፋጩ ነው። «ብርቱካን» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ጠርሙስ እኔ ቆዳዬ ላይ አላደርግም።

ቫይታሚን ሲ አለው ብሎ መቀባት

የለውም። ቫይታሚን ሲ በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ጭማቂው ውስጥ ይቀራል። «ፊት ያበራል፣ ቫይታሚን ሲ ነው» የሚሉት ማስታወቂያዎች ፍሬውንና ዘይቱን አምታተው ነው የሚሸጡት።

ሳያቀጥኑ ቆዳ ላይ ማድረግ

ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ ያለው ነገርም ቀላል ይመስላል። አይደለም። በሌላ ለስላሳ ዘይት መቅጠን አለበት፤ ጆጆባ ይሁን፣ የለውዝ ወይም የኮኮናት ዘይት። ለሰውነት 2 በመቶ ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ። ለፊት ግማሹን አድርጉት፣ 6 ጠብታ። መጀመሪያ የክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

«ትንሽ ካላቃጠለ አልሠራም ማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱን አትስሙት። ማቃጠሉ ቆዳው «ተወኝ» ማለቱ ነው። ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።

ሲከፈት መቼ እንደነበር መርሳት

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ዘግይቼ ያወቅሁት ይኼ ነው። ኢሴንሻል ኦይል ያረጃል። የብርቱካን ደግሞ ቶሎ ከሚያረጁት ነው።

ትኩስ ሊሞኒን ቆዳን ብዙም አያስቸግርም። አየር ሲያገኘው ግን ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ሃይድሮፐርኦክሳይድ የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። አለርጂ የሚቀሰቅሱት እነዚህ ናቸው። አንዴ ቆዳችሁ ለእነሱ አለርጂ ካወጣ በኋላ በሽቶም፣ በሳሙናም፣ በዕቃ ማጠቢያም ውስጥ ያለ ሊሞኒን ሊያሳክካችሁ ይችላል። «ስንት ጊዜ ተቀብቼው ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ያኔ የነበረው ጠርሙስ አይደለም።

እኔ አንዱን ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ መስኮት ላይ አስቀምጬ ከረምኩ። ፀሐይ ያገኘዋል፣ ክዳኑም በደንብ አልገጠመም ነበር። አንድ ቀን ከፍቼ ሳሸተው ብርቱካን የት አለ? ቲነር ቲነር ይላል። ቀለሙ ደብዘዝ፣ ፈሳሹም ወፈር ብሏል። አፉ ዙሪያ ያለው ቀለበት በጣቴ ስነካው ሙጫ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ቆዳዬ ላይ አላደረግሁትም።

አሁን የማደርገው ይኼን ነው። ስከፍት ቀኑን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ከተከፈተ አንድ ዓመት ካለፈው ለቆዳ አልጠቀመውም። ጠቆር ያለ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ቦታው ቀዝቃዛና ጨለማ። ፍሪጅም ይሆናል። ዘይቱ ሲጎድል ቦታውን አየር ስለሚይዘው ወደ ትንሽ ጠርሙስ ማዞር ይረዳል።

ከፕላስቲክና ከጎማ ጋር ማስቀመጥ

ለጥንቃቄ ብዬ ጠብታ ማውጫ ያለው፣ አናቱ ላይ የጎማ መጭመቂያ ያለበት ጠርሙስ ገዝቼ ነበር። ከወራት በኋላ ጎማው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጣት ላይ እየተጣበቀ አገኘሁት። ጎማውን የበላው ዘይቱ ነው። ያ ጎማ የት ሄደ? ዘይቱ ውስጥ።

ካላመናችሁ የተነፋ ፊኛ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ጨመቅ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ጧ ብሎ ይፈነዳል። ነጩ ፎም ላይ ንጹሕ ዘይት ብታንጠባጥቡ ደግሞ ዓይናችሁ እያየ ይሰምጣል። ሊሞኒን ፎሙ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ ፎምን መልሶ ለመጠቀም ሲባል ጭምር ተሠርቶበታል። እንግዲህ በፎም ኩባያ ቀላቅላችሁ ልትጠጡት ካሰባችሁ ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ነው።

ውሃ ላይ አንጠባጥቦ መጠጣት

ውሃና ዘይት አይዋደዱም። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ከንፈር የሚነካው እሱ ነው፣ ያውም ሳይቀጥን። አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይረብሻል። «ለስላሳና ከረሜላ ውስጥ ይገባ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይገባል። ግን ፋብሪካ የሚጠቀመው እጅግ በጣም ትንሽ መጠን ነው፤ ያንንም እንዲዋሃድ አድርጎ ያዘጋጀዋል።

ልጅ ካለበት ቤት ጠርሙሱን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሽታው ይጣራል። ልጅ ከጠጣው በግድ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ የሚከፋውም ያ ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ገንዳ ውስጥ ጠብ ማድረግም ያው ነው። ተንሳፍፎ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ያውም የማይመች ቦታ። መጀመሪያ ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና ወይም በሌላ ዘይት ለውሱት።

ዲፊውዘር (መዓዛ አየር ላይ የሚበትነውን ዕቃ) ቀኑን ሙሉ ማብራት

አፍንጫ ይለምዳል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሽታው የጠፋ ይመስላችሁና ትጨምራላችሁ። ሌላ ሰው ሲገባ ግን ዓይኑን ያሻል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃል፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ። ሊሞኒን አየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድና ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል። ስለዚህ «አየር ያጸዳል» የሚለው ወሬ ከተገላቢጦሹ ጋር ይቀራረባል።

ድመት ካለች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የድመት ጉበት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለማስወገድ የሚረዳው ኢንዛይም ይጎድለዋል። ፀጉሯ ላይ ያረፈውንም እየላሰች ትውጠዋለች። ለቁንጫ ብላችሁ ፈጽሞ አትቀቧት።

የሚነድ ሻማ ላይ ማንጠባጠብም አለ። 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እንፋሎቱ እሳት ይይዛል። የቀለጠ ሻማ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውዱ ይሻላል ብሎ ማሰብ

የብርቱካን ዘይት ከኢሴንሻል ኦይሎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ምክንያቱም የጭማቂ ኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ነው። ብራዚል በዓለም ብዙውን የብርቱካን ጭማቂ ስታመርት ልጣጩም እዚያው ይጨመቃል። ያለ ሙቀት፣ በማሽን ጫና ብቻ። ድሮ በሲሲሊ ሠራተኞች ልጣጩን በእጃቸው የባሕር ስፖንጅ ላይ ይጫኑት ነበር፤ ስፖንጁ ሲሞላ ጨምቀው ያወጡታል። ያ ዘመን ዘይቱ ውድ መሆኑ ያስኬዳል። ዛሬ ግን በጣም ከተወደደ የምትከፍሉት ለሥዕሉና ለሳጥኑ ነው። «ለሕክምና ደረጃ የበቃ» የሚለውም ቃል የሻጩ ነው፤ እንዲህ ብሎ ደረጃ የሚሰጥ ገለልተኛ አካል የለም።

በጣም የረከሰውም ያጠራጥራል። ተራ ሊሞኒን እየጨመሩ ያበዙታል። ለአፍንጫ ልዩነቱ አለ። ብርቱካንን ብርቱካን የሚያሰኙት በትንሽ መጠን ያሉት እንደ ዴካናልና ሲነንሳል ያሉ ነገሮች ናቸው። እነሱ የሳሱበት ዘይት ሽታው ባዶ ነው፣ የወለል ማጽጃ የወለል ማጽጃ ይላል።

ከመድኃኒት ጋር ማምታታት

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ 72 ሰዎችን አይቶ ነበር። የብርቱካን ሽታ ባለበት ክፍል የተቀመጡት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀነስ ብሎ ተገኘ፤ ወንዶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። ጥሩ ነገር ነው። ከዚህ ተነስቶ «ድብርት ያድናል፣ ካንሰር ያጠፋል» ማለት ግን ሌላ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን ለዚህ ብላችሁ አትተዉ።

ያረጀውን መጣል

ለቆዳ አይሁን እንጂ ለሥራ ይሆናል። ዕቃ ላይ የቀረ የስቲከር ሙጫ፣ ልብስ ላይ የተጣበቀ ማስቲካ፣ ምጣድ ላይ የደረቀ ቅባት ያስለቅቃል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ፤ ቫርኒሽና ቀለም ያነሳልና። ያ ቲነር ቲነር የሚለው የእኔ ጠርሙስ አሁን ከማጽጃ ዕቃዎቹ ጋር ነው ያለው። አዲስ ማሰሮ ስገዛ ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት በእሱ ነው የማነሳው።